የተዘለለች ቃል

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣
ይባላል። እዚህ ግን ንጋቱም ይሰንፋል፤
ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በአራት ሰዓት ደርሳ
ዘጠኝ ሳይሞላ ትሄዳለች ጭጋጓን ለብሳ።

ክላክስቪክ ወደብ፣ ከዓሣ መመዘኛው በላይ፣
አንዲት ጠባብ ችሎት፣ መስኮቷ ባሕር የሚያይ፤
እኔ ጸሐፊዋ፣ ማላን እባላለሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቃል ጽፌያለሁ፣
ፊደል አልገደፍኩም፤ በእጄ እምላለሁ።

ሁለት ጀልባ ሌሊት በጭጋግ ቢጋጩ፣
አንዷ ቆስላ ገባች፤ ሄይኒ ሆነ ሟቹ፣
ከነጀልባው ሰጥሞ፣ ከነመብራቶቹ።
የተረፉት ከፊታቸው ምን አዩ? ይኸው ነው ክርክሩ።
ቀይ ያየ ሰው፣ በባሕር ሕግ፣ መንገድ ሊለቅ ይገባው ነበር፤
አረንጓዴ ካየ ግን፣ ጥፋቱ ከሟች ጋር ይቀበር።

ኤልስፓ፣ የጀልባዋ ወጥ ሠሪ፣ ጣቶቿን እያሸች፣
«ቀይ ነበር፣ መሰለኝ» አለች።
ጻፍኩ፦ «ቀይ ነበር።»
ትሮንዱር፣ መረብ ጎታቹ፣ ቆቡን በጉልበቱ ይዞ፣
«አረንጓዴ ነበር፣ መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ ፈዝዞ።
ጻፍኩ፦ «አረንጓዴ ነበር፣ መሰለኝ።»

አልዋሸሁም። ያልተባለ ነገር መዝገቤ ውስጥ አይገኝም፤
የተባለው ሁሉ ግን እዚያ አልተገኘም።

ለምን? ለሚል ሰው፦
የትሮንዱር አባት፣ ድሮ፣ አርባ ዓመት ያልፈዋል፣
ሆዷ የበሰበሰ ጀልባ ለአባቴ ሸጦታል፤
(ቀለሟ ያምር ነበር። አባቴ ቀለም ይወድ ነበር።)
ሄይኒ ደግሞ በየዓርቡ፣ ደጄን ሳያንኳኳ፣ ሳይናገር፣
ሁለት ዓሣ ያንጠለጥልልኝ ነበር፣ በአረንጓዴ ክር።
ዓሣውና ጀልባው ችሎት አልቀረቡም፣ አልማሉም፤
እጄን ይዘው ሲጽፉ ግን እኔንም አላስፈቀዱም።

የባሰው ኋላ መጣ።
ቃሏ ሲነበብላት ኤልስፓ ዝም ብላ ሰማች፣
ከንፈሯ ንባቤን ተከተለ፤ ቀና ብላ ፈረመች።
በሳምንቱ ዳኛው ደግሞ ቢጠይቃት፣
«ቀይ ነበር!» አለች። ጣቷን አላሸችም። ድምፅም ጨመረላት።
ትሮንዱር በፋንታው የራሱን ጥርጥር ከአፌ ሰምቶ
ወጣ፤ ያየውን እንኳ ማየቱን ተጠራጥሮ፣ በዓይኑ አፍሮ፣ ቆቡን ረስቶ።
እኔ ጻፍኩ ስል፣ ለካ
ሁለት ሰው ውስጥ ገብቼ ሌሊቱን እደልዝ ነበር።

በመጋቢት ጠላቂዎች የሄይኒን መብራቶች አወጡ፣
ሰዉም «አሁን ይለያል» እያለ ሊያይ መጣ ከየቤቱ።
እንደ ጀልባ ሁሉ ነበር፦ ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ፤
አንዱም አልተሰበረ። ሁለቱም፣ ያን ሌሊት፣
ሲበሩ ነበር።

ዛሬ ማታ ብቻዬን መዝገቡን ገለጥኩና
ያቺን ቃል ልመልሳት አልኩ፤ ቦታ አልተውኩላትም።
በመስመሮቹ መሐል አጎንብሳ ገባች፣
በሌላ ቀለም፣ እንደ ዘገየ እንግዳ።
ነገ ዳኛው «ምንድነው ይሄ?» ይለኛል።
መልሴን ጽፌያለሁ፣ ሦስቴም አንብቤዋለሁ፤
የአባቴ ጀልባ አለበት፣ ዓሣው አለበት፣ እፍረቴ አለበት፤
ምንም አልዘለልኩም፣
እሱም ግን ወደ እኔ አጋድሏል፣
መሰለኝ።