የራይሳ ብረት

ከአትሊት በታች፣ ባሕሩ ዳር፣ መረብ ከለበሰው ማሳ፣
ሌሊቱን ሙዝ ስመርጥ አድሬ ወገቤን ይዤ ስነሳ፣
አለቃዬ «ውሰድ» አለኝ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ትርፍ፣
ቆዳው ነጠብጣብ ያወጣ፣ ለገበያ የማያልፍ።

ሥራዬ እኮ ይሄ ነው፤ ቢጫን ከቢጫ መለየት፣
ጥቁር ጠብታ ካዩበት ወደ ግራ ሳጥን መክተት።
አሥራ አንድ ዓመት ስጥለው፣ ልጄ ናት የነገረችኝ፣
«አባ፣ የሚጥመው እኮ የጠቆረው ነው» ያለችኝ።

ጢራት ካርሜል፣ አራተኛ ፎቅ፣ አርብ ጠዋት፣ ዝናብ፣ ታኅሣሥ፤
አሳንሰሩ ስለማይሠራ ካርቶኑ ወጣ በእኔ ራስ።
ትምህርት ቤት ለሐኑካ ዘግቷል። ኦሪያን ብርድ ልብስ ተከናንባ፣
ናዳቭ ስልኩ ላይ ተደፍቶ፤ ቀና አላለም እኔ ስገባ።
እናታቸው ይታይሽ ሐይፋ ሆስፒታል አድራለች፣
ሁለት ሰዓት ላይ፣ እግሯ አብጦ፣ ከአውቶቡስ ትወርዳለች።

«ዋፍል» አለች ኦሪያን። «የምን?» «የሙዝ!» ብላ ሮጠች ታች፣
ከራይሳ ቤት አንድ ብረት በሁለት እጇ አቅፋ መጣች።
ክብደቱ እንደ ወፍጮ መጅ፣ እጀታው በክር የታሰረ፣
ሆዱ ላይ ማኅተም አለበት፤ መንግሥቱ ግን የት ነበረ?
ራይሳ «ዘይት አትንፈጉት» ብላለች አሉ።

ሦስት ሙዝ ላጥኩ። በሹካ ደፈጠጥኩት፣ እንደ ገንፎ እስኪላላ።
ሁለት እንቁላል፣ ወተት፣ ዱቄት፣ ጨው በጣት ጫፍ፣
ቀረፋ። «በዛ!» አለ ናዳቭ፣ ሳያይ፣ ከስልኩ ጀርባ።
ቤኪንግ ፓውደር ጨመርን፤ ሊጡ ወዲያው አረፋ አወጣ።
ሦስት ቀን ሳይጠብቁት የሚነሳ ሊጥ፣ እኔ አላምነውም።

የመጀመሪያው ተጣበቀ።
እንደ አሮጌ መጽሐፍ ለሁለት ተገነጠለ፣
ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች።
«ይሄ የብረቱ ድርሻ ነው» አልኩ።

ሁለተኛው ሊበስል ሲል፣ ጭልም!
ማሞቂያው ዝም፣ ፍሪጁ ዝም።
አራት ፎቅ ወረድኩ፣ እጄ በሊጥ እንደተለወሰ፤
ማብሪያውን መለስኩት።
የጣቴ አሻራ እስከ ዛሬ እዚያ ሳጥን ላይ አለ፣ ነጭ።
ወይ ማሞቂያ፣ ወይ ዋፍል! ድምፅ ተሰጠ፣
ዋፍል ሦስት ለዜሮ አሸነፈ።
አባቴ ጸሎት ላይ ነበሩ፤ ድምፀ ተዓቅቦ።

ካፖርት ለብሰን ጋገርን።
ቤቱ የተቃጠለ ስኳር ሸተተ፣ መስታወቱ አላበው፣
ናዳቭ ስልኩን አስቀመጠ። መቼ እንዳስቀመጠው አላየሁም።

አባቴ አንዱን በሁለት እጃቸው አነሱት፣
ወደ መስኮቱ ብርሃን ገለበጡት፣ ደግመው ገለበጡት፣
«ይሄን ማን ረገጠው?» አሉ።

ኦሪያን ከወንበር ልትወድቅ ደረሰች በሳቅ።
እውነትም የጫማ ሶል ይመስላል።
እሳቸው አልሳቁም። ጣታቸው ከጉድጓድ ጉድጓድ ሄደ፣
«በሌሊት ስንጓዝ» አሉ፣ «የኋለኛው ሰው
ቅርንጫፍ ይጎትት ነበር። ዱካ እንዳይቀር።»
ከዚያ የተምር ማሩን አንስተው አፈሰሱበት፣
ጉድጓዱ ሁሉ ሞላ።
ሌላ አላሉም። ሦስት በሉ።

በሩ ተከፈተ። ይታይሽ፣ የሆስፒታል ሳሙና፣ የዝናብ ሽታ።
«መጋረጃው ላይ ሊጥ ምን ይሠራል?»
መልስ አልጠበቀችም። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች፣
አንዱን በእጇ በላች፣ ሁለተኛውን እያኘከች
ጉንጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ ተኛች፤ ማሩ ከከንፈሯ ጠርዝ።

ኦሪያን ተንበርክካ ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች፣
ገልብጣ ሶሉን አየች፤
አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ጭቃ።
ለአያቷ ከፍ አድርጋ አሳየች።
አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ አንድ ዋፍል በሰሃን ሸፍኜ
ለራይሳ ይዤ ወረድኩ፣ ብብቴ ውስጥ ብረቱ፤
ገና ይሞቅ ነበር።