ያልተለካ

አርባ ዓመት በጀልባ፣ በኖርዌይ ጠረፍ ላይ፣
ድምፅ ቁልቁል ሰድጄ የባሕሩን ሆድ ላይ፣
ማሚቶው ሲመለስ ጥልቁን ስጽፍ ኖርሁ፤
ዛሬ ግን ተገልብጦ፣ ባሕሩ እኔ ሆንሁ።

ማሽኑ ኳ! ኳ! እያለ ራሴን አንኳኳ፤
ባቄላ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች ለካ።

ዶክተር ሲኖቨ ፎቶውን ደጋግማ እያየች
«ዕጢ አይመስለኝም፣ ደምም አልፈሰሰም» አለች።
«ታዲያ ምንድን ነው?» ስላት እስክሪብቶዋን ከደነች።
«አላውቅም። በስድስት ወር ደግመን እናየዋለን።»

ትሮንሃይም ሄድሁ። ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ወንበር፣
ያው ፎቶ፣ ያው ዝምታ፣ ያው ስድስት ወር።

ልጄ ቱሪድ ደውላ «ምን አሉህ?» ስትለኝ
ድንች እየላጥሁ ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ።

ማታ ከመሳቢያ አሮጌ ካርታዬን ዘረጋሁ፤
ከደሴቶቹ መሀል አንድ ነጭ ቦታ አየሁ፤
ያን ዓመት ማዕበሉ አላስጠጋም ብሎ
በገዛ እጅ ጽሕፈቴ «ያልተለካ» ተብሎ።
ዓለት ይሁን ገደል ሳላውቅ ቁጥር አልፈጠርሁም።
ሲኖቨን ልቆጣት ፈልጌ አልቻልሁም።

ዓሣ አጥማጆቹ ግን ዛሬም በዚያው ያልፋሉ፣
ሞተር ቀንሰው፣
መብራት አብርተው፣
አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ውሃውን እያየ።