ከተዘጋው ቤተ መጻሕፍት ደጅ

«ወላድ በድባብ ትሂድ» ይላል ያገሬ ሰው፤
ኦዴሳ የመጣችው ባሮጌ ፒካፕ ነው፣
አንድ ዐይኑ በጠፋ፣
የሚሲሲፒን ጨለማ፣ የጥጡን ማሳ እየገፋ።

ከተገላገለች አሥራ አንድ ቀኗ ነው።
እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏታል፤
ከትናንት ጀምሮ ግንባሯን የሚቀጠቅጥ ነገር አለ፣
ዐይኗ ፊትም ዝንብ ብልጭ ይላል፣ እሽ ስትለው የሌለ።

የቀዬው ማዋለጃ ካቻምና ሲዘጋ
ደብዳቤ ደርሷት ነበር፣ ባለቀለም፣ ባለፈገግታ፦
«ሐኪምዎ መዳፍዎ ላይ፣ ከቤትዎ ሳይወጡ!»
መስመር ዘርጊዎቹ ግን እስከ ትልቁ እርሻ አጥር መጡ፣
«ለሦስት ጎጆ አያዋጣም» ብለው ከዚያው ተቆረጡ።

ስለዚህ ማታ ማታ ክሊኒኩ እዚህ ነው፣
የቆመ መኪና ውስጥ።
አንዱ ውስጥ ጎረምሳ ፈተና ይሞላል፤
አንዱ ውስጥ ሚስተር ኦርቪል ከሩቅ ልጁ ጋር ያወራል፤
በሦስተኛው እሷ፤ ሕፃኑ ከኋላ
በእንቅልፍ ልቡ ምላሱን ይጠባል።
(ዋይፋዩን አምሽታ መስኮት አፍ የምታስጠጋው
የመጻሕፍት ቤቱ ሠራተኛ ናት፤
ማንም አላዘዛት፣
ማንም አላመሰገናት።)

ጨርቁን ክንዷ ላይ አሰረች። ተነፋ፣ ጨመቃት፣ ለቀቃት።
መቶ ስድሳ ስምንት በመቶ አሥር።
ለስልኩ አሳየችው።
አዋላጇ፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት፣ ቅንድቧ ተነሣ፦
«ስሚኝ፣ አሁኑኑ፣ ኦዴሳ...»

ደረቀ ምስሉ።
አፍ እንደተከፈተ፣ ሳይወጣ ቃሉ።
አሁኑኑ ምን? ልተኛ? ውሃ ልጠጣ?
አሁኑኑ ልምጣ?

በዚያች ቅጽበት፣ ካንድ ትልቅ ከተማ፣
ሌላ አራስ ሶፋዋ ላይ ተጋድማ
ያንኑ ዐረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ ትሰማለች።
እኔ ደብዳቤውን የጻፈውን ሰው ብጠይቀው
«ለሁለቱም እኩል ልከናል» ይለኛል፤ ውሸትም የለው።

ኦዴሳ ወረደች። በባዶ እግሯ አስፋልቱን ረግጣ
መስታወት ደበደበች፦
«ይቅርታ፣ ለአፍታ ይልቀቁልኝ፣ መስመሩን።»
ኦርቪል የልጁን ነገር መሐል ላይ ቆረጠ፤
ጎረምሳው ከአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ጣቱን አነሣ፣
ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ።
ምስሉ ተንቀሳቀሰ፦

«...ሆስፒታል። አትንጂ። ሰው ይንዳሽ።»

ቀና ስትል የሽማግሌው ሞተር ተነሥቷል፤
ጎረምሳው የሕፃኑን ወንበር ከኋላ እያሰረ ነው።
ከግቢው በር ሲወጡ ኦርቪል ኪስ ውስጥ ስልኩ ጠራ፣ ልጁ ነው፤
ሁለቴ ጠርቶ መስመሩ ሞተ።
ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ነው፣
ስልሳ ማይል፣ ጥጥ፣ ጨለማ፣
እና የኋላ ወንበር ላይ የሚጠባ ምላስ።