የቀማሹ ጥርስ

ሄርማታ፣ ፎቁ ላይ፣ ከጨርቅ ቤቱ በላይ፣
ጋሽ ነዚፍ ተንጋሏል ጣራ ጣራ ሊያይ።
ፈቅዶ አልሳቀም፤ ላስቲክ ነው ከንፈሩን የወጠረው፣
ምራቁን በቱቦ ስስብ ዓይኑ ነው የተናገረው።

ሃያ ሦስት ዓመት ቡና ቀማሽ ነው፤
በማንኪያ ስቦ፣ አፏጭቶ፣ አጉመጥምጦ፣
የሊሙን ከጌራ፣ የጎማን ከማና በምላሱ መርጦ፣
ውጦ አያውቅም፤ ይተፋል፤
ያልተዋጠው ቡና ግን ጥርሱ ላይ ይጻፋል።

ልጁ ኩልሱም ታገባለች፤ አጋሮ ነው ድግሱ፤
በየሰዉ ሠርግ ፎቶ ላይ ከንፈሩን የሚገጥም ሰው ነው እሱ።
«አባ፣ በእኔ ሠርግ እንኳ ሳቅ» ትለዋለች፤
ጎረቤት ኮስታራ ይለዋል፤
ኮስታራ አይደለም፤ ያፍራል።

ዶክተር ሰብሪና የቀለም መለኪያዋን አወጣች፤
ዐሥራ ስድስት ትንንሽ ጥርስ፣ ከነጭ እስከ ቡኒ፣ እንደ ሙስበሃ የተሰኩ፤
አንድ በአንድ ከጥርሱ ጎን አስጠጋች፣
ከመጨረሻው ሁለተኛዋ ላይ ቆመች።
«ከዚህ እዚህ ይደርሳል፤ ወረቀት ግን አይሆንም።
የቡና እድፍ ደግ ነው፣ ይለቃል፤
የመቂ ልጅ ቢሆኑ፣ ከውሃው የመጣ ቢሆን፣ ቃል አልገባም።
ያቺን የተተከለችውንም አይነካትም፤ መድኃኒት ሸክላ አያነጣም።»
ይህችን አልሰማትም፤ ዓይኑ መርፌዋ ላይ ነበር።
«ያ...ኛል?» አለ በላስቲኩ ውስጥ።
«ማታ ይወጋዎታል፤ ሁለት ቀን አይሞላም።»

ድዱን በሙጫ ከለለች፣ ጄሉን ስስ አድርጋ ቀባች፣
ሰማያዊውን መብራት አፉ ላይ ደፋች።
አንድ ዙር አለቀ። ሁለተኛው ላይ
መብራት ሄደ።
እንደ ልማዱ፣ ሳይናገር ሄደ።
ጋሽ ነዚፍ በጨለማው «አኤ-ኧኝ!» አለ፤
«አለቀልኝ» ማለቱ ነው፤ የዚህን ወንበር ቋንቋ ለምጄዋለሁ።
ዶክተሯ በስልኳ ብርሃን ሳቀች፦
«መብራቱ ለዓይን ነው፣ ጋሼ፤ ሥራው የመድኃኒቱ ነው፤
ጨለማ ውስጥም ያነጣል፤ ዝም ብለን እንጠብቀው።»

ጠበቅነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ፣
ከታች ነጋዴው ጨርቅ ቀደደ፣ ከገዢ ጋር ተሰዳደበ፤
እኔ ምላሴን በራሴ ጥርሶች ላይ አስኬድኩ፤
ዋጋውን ከደመወዜ ጋር አሰብኩ፤ ተውኩ።

በመጨረሻ መስተዋቱን መስኮቱ አጠገብ ያዝኩለት።
ስድስት ደረጃ። ዶክተሯ ያለችው አልጎደለበት።
አንዷ ብቻ፣ ከላይ፣ በግራ፣ ቡኒ ሆና ቀረችበት።
የሰቃ መንገድ ላይ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አይሱዙው ድንገት ሲቆም
እውነተኛዋን ዳሽቦርዱ ነቀላት፤
ይህችን «ከእህቶቿ እንዳትለይ» ብሎ፣ ቀለሟን መርጦ ነው ያስተከላት።
ዛሬ እህቶቿ በአንድ ከሰዓት የሃያ ሦስት ዓመት ቃላቸውን ካዱ፤
ሐሰተኛዋ ብቻ ሳትዋሽ ቀረች፣
ሌሎቹ ሲሄዱ።

«ትቀየር?» አለች ዶክተሯ። «ዋጋዋ ለብቻ ነው።»
መስተዋቱን አራቀው፣ አቀረበው።
«ትቆይ» አለ፤ «ነገ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መታወቂያ ሲጠይቀኝ
እሷን ነው የማሳየው።»
«ነገ? ሁለት ቀን ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ በርበሬም የለም፤
ሩዝ፣ ወተት፣ የእንቁላል ነጩን።»
«አርባ ናሙና ይጠብቀኛል እኮ፤ ምላሴን ብቻ ልላክ?»
መልስ አልጠበቀም። «ስንት ጊዜ ይቆያል?»
«ለሌላ ሰው ዓመት፣ ሁለት ዓመት፤
ለእርስዎ... ስድስት ወር እንበል።»

ገንዘቡን ሁለቴ ቆጠረ፤ ኩልሱም የሰጠችው ነው።
ደረጃውን ወርዶ ጨርቅ ነጋዴውን ሰላም ሲል፣
አፉን ከፍቶ ሲስቅ፣ እላይ ድረስ ተሰማን።

ያኔ መብራት መጣ፤
ሰማያዊው ብርሃን፣ ባዶውን ወንበር ሊያነጣ።