ሰይቼንቶ በቦኮ ዳገት

ቁልፉን ሲያቀብለኝ ገንዘቡን ሳይቆጥር፣
ኦዶኔ አንድ ነገር ነገረኝ በምሥጢር፦
«ከሰማንያ በላይ እንዳትጠይቂያት፤
እምቢ ማለት አታውቅ፣ ያ ነው የሷ ጥፋት።»

ሣቅሁኝ በልቤ። ሠላሳ ዓመት ነርስ ነኝ፤
እምቢ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚሆን ማን ሊነግረኝ?

ኮፋኖሽን ብከፍት፦ ትርፍ ጎማ፣ ባትሪ፣ የተጨማደደ ካርታ፤
ሞተርሽ ግን ከኋላ ናት፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግታ።
ስድስት መቶ ሠላሳ ሦስት ሲሲ ይላል ደብተርሽ፤
አንድ ጠርሙስ ወይን የማይችል ሆድ ነው ያለሽ።
በዚያች ሆድ ነው እንግዲህ፣
እኔን ከነኩራቴ፣ ከማላውቀው ውሻ ጠጕር ጋር፣ የምትሸከሚ።

የመጀመሪያው ሳምንት ባሕሩን ይዘን፣ ሜዳ ለሜዳ፣
ከኪያቫሪ ላቫኛ፣ አንዳችን ላንዳችን እንደ እንግዳ።
አንደኛ ማርሽሽ፣ ቆሜ ካልሆነ፣ እጄን አይቀበልም፤
ብጣደፍ ጥርስ ታፋጫለሽ፤ ብለማመጥም አይጠቅምም።
ሦስተኛሽ ግን፣ አቤት ሦስተኛሽ! ከአርባ እስከ ስልሳ
ታንጎራጉራለች ለራሷ፣ ድምፅዋን አለስልሳ።
ማለዳ ማለዳ ዘይትሽን እለካለሁ፣ ዘንጉን ወደ ብርሃን አንሥቼ፤
ሐሙስ ግማሽ ጣት ወርዷል፣ ጻፍኩት፤ ዓርብ ሞላሁት ገዝቼ።

የፍጥነት መርፌሽን አላምናትም፤ ስልሳን ካለፈች
እንደ ሰካራም ጣት ወዲያ ወዲህ ትጠቁማለች።
ስለዚህ ጆሮዬን ነው ያዋስኩሽ፤
ያንን የሌሊት ተረኛ ጆሮ፣
መብራት ሳላበራ፣ ከበሩ ቆሜ፣
ባለ አሥራ አራት ቁጥር አልጋዋ
እንዴት እንዳደረች በትንፋሿ የማውቅበትን።

እሑድ፣ «ቦኮን እንውጣ» አልኩሽ። ማንም አላስገደደኝ፤
የእህቴ የኢዞታ «በዚያች ሣጥን ዳገት?» የሚል ሣቋ ነው ያናደደኝ።
የወይራው ዛፍ አለቀ፤ ጥዱ ጀመረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤
መንገዱ ጠበበ፣ ተጠመዘዘ፣ ደግሞ ተጠመዘዘ።
ቢጫ ማልያ የለበሰ ሸበቶ ብስክሌተኛ ቀደምን፤
ጡሩንባ ነፋንበት፣ ያውም ሁለቴ፣ ደስ ብሎን።

ከዚያ ዳገቱ እንደ ግድግዳ ፊታችን ተገተረ።
ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። እግሬ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ።
እምቢ አላልሽም።
የጋለ ብረት ሸተተኝ፤
እምቢ አላልሽም።
ቀይዋ መብራት በራች፤ የምስር ክክ ታክላለች፤
«እስከዚያ ኩርባ ብቻ» አልኩሽ።
ስንቱን በሽተኛ እንዲህ ብዬ ከአልጋ አስነሥቻለሁ፣
«እስከ መስኮቱ ብቻ» እያልኩ!
ከኩርባው ኋላ ሌላ ኩርባ ነበር።

እንፋሎትሽ ነጭ ሆኖ ከጣሪያሽ በላይ ወጣ፤
እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ክዳኑን ልፈታ ስል፣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ፦
«ተይው! ፊትሽን ይልጥሻል!» ባለ ቢጫ ማልያው ነው፣
ያ ጡሩንባ የነፋሁበት፣ ላቡን እየጠረገ የደረሰው።

ቴሬንዚዮ ይባላል። የመንገዱ ግንብ ላይ ተቀመጥን፤ ኮክ አካፈለኝ።
በወጣትነቱ እንዳንቺ ባለች ዳቦ ያመላልስ ነበር፤
«ሚስቴን፣ ሦስት ልጆቼንና አንድ ኩንታል ዱቄት ጭኜ
እዚህ ድረስ ወጥቻለሁ» አለኝ።
«ሳትግል?»
«ስትግል ቆመን።»

ዐርባ ደቂቃ። ብረትሽ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በረደ።
አንዲት ንብ መስታወትሽን መርምራ ሄደች።
ከኮዳው ውኃ ጨመረልሽ፣ ሞተርሽ እየሠራ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ።
የቀረውን ዳገት በየሁለት ኩርባው እየቆምን ወጣነው፤
ስንቆም ያልፈናል፤ ስንነሣ እናልፈዋለን፤
ጡሩንባ የለም።

ማታ ኦዶኔ ደወለ። «እንዴት ናት?»
«ትተነፍሳለች» አልኩት፤ ሌላውን አልነገርኩትም፦
ቁልቁል ስንወርድ ከግራ በኩል የሚሰማውን፣
የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ የሚመስለውን፤
ሕመም ይሁን ልማድ፣ ገና አልለየሁትም።