የካርዱ ጀርባ

በጅማ ወረቀት ዕድሜ የለውም፤ ዝናብ ሳይነካው ይረጥባል፣
ግንቦት ላይ ያኖርከው ፎቶ ነሐሴ ላይ ጢም ያበቅላል።
ለዚህ ነው ከብስኩት ቆርቆሮው ሥር ደረቅ ሩዝ የማኖረው፣
ለዚህ ነው ሚስቴ «ሩዙ ለሰው ነው ለሥዕል?» ብላ የምታማርረው።

አንድ ፊሽካ አለኝ፣ ፍሬው የወለቀ፣
ተነፍቶ ተነፍቶ ትንፋሹ ያለቀ።
የትኬት ጉማጅ አለኝ፣ «ጥላ ፎቅ» የሚል፣ ከሄርማታው ቆራሌው
በአሮጌ ጫማ የለወጥኩት፣ ያውም ግራው ብቻ በነበረው።
የአምበል ክንድ ማሰሪያም አለ፣ ላቡ ያልለቀቀው፣
የማን እንደነበር እስከ ዛሬ ማንም ያላወቀው።

ዋናው ግን ካርዶቹ ናቸው።
በሰባ አንድ ፎቶ ጊቤ የአዌቱ ኮከብን ልጆች አሰልፎ፣
የክብሪት ቀፎ በምታህል ካርቶን አንድ በአንድ አትሞ፣
ከማስቲካ ጋር ሸጣቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ።
እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ማስቲካውን ለእህቴ እየሰጠሁ፣
ሥዕሉን በመዳፌ እየመታሁ ከሰፈር ልጅ ተጫወትሁ፤
በአንድ ክረምት ሁሉንም ተበላሁ።

አርባ ዓመት መልሼ ለቀምኩ።
አንዱን ከፀጉር ቤት መስታወት ጠርዝ፣ ሁለቱን ከልብስ ሰፊ መሳቢያ፤
በረኛውንማ ከሚስቱ፣ ሦስቴ ሰጥታኝ ሦስቴ ተቀብላኝ፣
በአራተኛው «ውሰድና ከዓይኔ ጥፋ» ብላኝ።
አሥራ አንደኛው ቀረ፤ ግራ ክንፉ፣ ሙዘይን አባ መጫ፣
ሰው ሁሉ የሚሰምጥበት ጭቃ ለእሱ ብቻ መሮጫ።

ባለፈው መስከረም የሽኩር ሱቅ ለመንገድ ሲፈርስ፣
የልጅ ልጁ ዘኪ ቆሻሻ ተሸክሞ ጉድጓዱ አፍ ሲደርስ፣
ከእጁ ቀማሁት።
ፊቱ ንጹሕ፣ ማዕዘኑ ስል፣ የማሊያው ቁጥር ይነበባል፤
ጀርባው ግን፣ ምን ዋጋ አለው፣ በእስክሪብቶ ተሞልቷል፦
«ስኳር ሁለት ኪሎ፣ ላምባ፣ ሳሙና አንድ፣ ባትሪ ድንጋይ።
አሥራ ስምንት ብር ከስሙኒ። የአሻ።»
ላጲስ ገዛሁ። አልደፈርኩም።

ሙዘይን ቆጪ ብስክሌት ይጠግናል፤ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም፤
በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩለት፤ ሲያየው ብዙም አልተደነቀም።
«ቀጭን ነበርኩ» አለና ገለበጠው።
ጎማ የሚነፋው ልጅ ሁለቴ ጠራው፤ አልሰማው።
«አሻ እናቴ ናት» አለ።
«ላምባው ከልምምድ አምሽቼ ስመለስ የምታበራው፤
ባትሪው ለሬዲዮ ነው፣ ስሜ ሲጠራ ልትሰማው።
አልተጠራም።»

«ከፍለናል?» አለኝ።
ሽኩር የተከፈለውን በአንድ መስመር ይሰርዝ ነበር፤
ይህኛው ላይ መስመር አልነበረም።
ጠርዙ በግራሶ የጠቆረ ሃያ ብር አወጣ።
«ለዘኪ ስጥልኝ፤ መልሱንም እንዳትረሳ።»

ዘኪ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ፤ እስክሪብቶዬን ለመነኝ።
በካርድ ላይ ቀለም ለእኔ ቢጤ ሞት ነው፤ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።
ሰጠሁት። አሰመረ።

አሁን አሥራ አንዱም አልበሜ ውስጥ ናቸው፤
አሥሩ በፊታቸው፣ አንዱ በጀርባው።
ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ይሄኛው ተገልብጧል» ይለኛል።
«አልተገለበጠም» እላለሁ።
ውጭ ይዘንባል።
ሩዙን ልቀይር።