የዶና ኤውላሊያ መርዶ

ፖርቶ ከተማ ላይ፣ ከጋዜጣው ምድር ቤት፣
አንድ መሳቢያ አለ፣ ዝገት የያዘው ብረት፤
በቁም ያሉ ሰዎች መርዷቸው ተጽፎበት፣
ቀኑ ብቻ ቀርቶ፣ ተጣጥፎ ያለበት።

የዶና ኤውላሊያ የብራንኪኞ መርዶ
ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚያው ኖሯል፣ ለምዶ።

መጀመሪያ የጻፈው አንሴልሞ ነበር፤
ሰባ ዓመት ሲሞላት፣ “መቼም ሰው ነች” ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደናበር፣
በባሕር አውሮፕላን ፖስታ ጭና ስትበር
ሞተር የከዳት ለት፣ ማዕበል ላይ አርፋ ሌሊቱን ማደሯን፣
በስምንት አንቀጽ ከትቦ፣ አስጊጦ፣ አሰማምሮ፣
ቀድሟት ሄደ፤ በልብ ድካም፣ ዓመቱ ሳይደርስ ዞሮ።
ለቀብሩ የመጣችው፣ ነጭ አበባ ይዛ፣
እሷው ናት ይላሉ፣ በዝናቡ መሐል ተክዛ።

ሁለተኛዋ ኦንዲና “ሰባ”ን ሰርዛ “ዘጠና” አለች፤
ዓይኗ ደክሞ ጡረታ ወጣች፤ ኋላም እሷ አለፈች።
ሦስተኛው ሰልችቶት ተወው፤ ዛሬ ሊዝበን ወይን ይሸጣል።
አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሃያ ስድስቴ። አለቃዬ “መቶ ስምንት ሞላት” ይላል፤
“ሂጂና አጣሪ፤ ለመቶ ስምንት ዓመት ሰው ነገ የሚሉት ቀን የለም።”
ሲናገር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስልሳ እንኳ አልሞላውም።

አሳንሰር የለውም ፎቁ፤ አራተኛ ድረስ ወጣሁ።
ከዘራ የያዘ ሸበቶ በሩን ሲከፍት፣ ባሏ መስሎኝ እጅ ነሣሁ።
ልጇ ነው። ሰማንያ አራቱ። ከውስጥ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ግን የማይሰበር፦
“ቤንቶ! ያለ ሻርፕ በር ላይ አትቁም፤ ትናንትም ሲያስልህ ነበር!”

“መርዶዬን ይዘሽ ነው?” አለች። “እንግዲህ አንብቢው፤ ልስማ።
ለጎረቤት የሚደርስ ወሬ ለባለቤቱ አይከለከልማ።”

አነበብኩ። “ደፋሯ” ከሚለው ስደርስ እጇን አነሣች፤ “አጥፊው።
ሱሪዬን አርሼ ነበር፤ ከፈለግሽ እሱን ጻፊው።”
“በመዝሙር ጸናች” ይላል። “የምን መዝሙር? ርቦኝ ነበር፤
የሰርዲን ቆርቆሮ በመፍቻ ሰብሬ ስበላ ነው የነጋው ሰማዩ ዳር።”

ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።

“ዜፌሪኖ የታል?” አለች። “መካኒኩ። ሞተሩን በሽቦ ያሰረው፣
በጨለማ፣ በእርጥብ ጣቱ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ማን ነው የሰወረው?
ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ መቃብሩም ተደልድሎ መንገድ ሆኗል፤
ፊቱን የሚያውቅ ሰው ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ብቻ ቀርቷል።
ሁሉም ይመጣል፤ ምን በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ ይለኛል፤
ማን ጎደለብሽ ያለኝ የለም።”

በመስኮቷ ሥር ወንዙ አለ። ስሙ ዱሮ ነው፤ ከድልድዩ ሥር ይወርዳል።
ዱሮ አለፈ ይላል ሰው። እሷ መጋረጃ ገልጣ ታየዋለች፦ ገና ያልፋል።

ማምሻውን ወደ መሳቢያው ተመለስኩ።
“ደፋሯ”ን ሰረዝኩ፤ ሱሪውን ለመጻፍ ግን እኔ አልደፈርኩም፤
ዜፌሪኖን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስገባሁት፤ ሽቦውንም አልረሳሁም።
ከግርጌው ሦስት ስሞች አሉ፦ አንሴልሞ፣ ኦንዲና፣ ወይን ሻጩ።
ከነሱ ሥር የኔን ጻፍኩ፤
ከስሜም በታች፣ ለሚመጣው፣
አንድ መስመር ክፍት ተውኩ።